የነጥብ እስር ቤት፦ ጥያቄ ከአንባቢ፣ መልስ ከቀድሞ ዋርድያ

ለአዲስ አንባቢዎች አንድ ነገር ልበል። እኔ አሜሪካ ውስጥ በአንድ የፌዴራል እስር ቤት መጀመሪያ ዋርድያ፣ በኋላ ኬዝ ማናጀር፣ ማለትም የእስረኞችን ፋይልና ነጥብ የሚይዝ ሠራተኛ፣ ሆኜ ሠርቻለሁ። ቁልፍም ይዣለሁ፣ ፎርምም ሞልቻለሁ። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ሰሞኑን የደረሱኝ ደብዳቤዎች ዞረው ዞረው አንድ ነገር ነው የሚጠይቁት፦ እዚያ ውስጥ ስለ ሰው የሚወስነው ማነው? ምን አይቶ ነው የሚወስነው? የምመልሰው ስለ ፌዴራሉ ብቻ ነው። ሜሪላንድም፣ ቨርጂኒያም፣ ካሊፎርኒያም የየራሳቸው እስር ቤትና የየራሳቸው ደንብ ስላላቸው ዘመዳችሁ የስቴት እስረኛ ከሆነ ቁጥሮቹን እንዳለ አትውሰዱ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ልጄ። የኔ ልጅ 23 ዓመቱ ነው። በዕፅ ጉዳይ ተይዞ 8 ዓመት ፈረዱበት። ከዚያ በፊት የፖሊስ ጣቢያ ደጃፍ ረግጦ አያውቅም፣ ማንንም አልመታ፣ ማንንም አልወጋ። አዲስ አበባ 12ኛ ክፍል ጨርሶ ነው እኔ ጋ የመጣው። ዳኛውም «ለቤተሰቡ ቀረብ ያለ ቦታ ይሁን» ብለው ጽፈውለት ነበር። እነሱ ግን ኬንታኪ ወስደው ሚዲየም የሚባል ውስጥ ከተቱት። ዘጠኝ ሰዓት ነድተን ነው የምናየው። ምን አይተውበት ነው? ጉቦ ፈልገው ይሆን? (እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ እማማ፣ የጉቦ ነገር አይደለም። ምንም አላዩበትም። እንዲያውም ልጅዎን ያየው ሰው የለም፣ ነገሩ እዚያ ላይ ነው።

ቴክሳስ ውስጥ ግራንድ ፕሬሪ የምትባል ከተማ አለች። የመላ አገሪቱ የፌዴራል እስረኛ የት እንደሚገባ የሚመደበው እዚያ ባለ ቢሮ ነው። መዳቢው ልጅዎን አያነጋግርም። ፊቱ ያለው ወረቀት ነው። ዋናው ወረቀት ደግሞ ፕሮቤሽን ኦፊሰሩ ከፍርዱ በፊት ለዳኛው የጻፈው ሪፖርት ነው፣ ፒኤስአር የሚሉት። እኛ ሠራተኞቹ እንደ ወንጌል ነበር የምናየው። መዳቢው ከሱ ላይ እየለቀመ ፎርም ይሞላል፣ ፎርሙ ነጥብ ያወጣል፣ ነጥቡ እስር ቤቱን ይመርጣል። ለወንድ ከ0 እስከ 11 ሚኒመም ነው፣ ጥበቃው በጣም የላላው፣ ካምፕ የሚሉት። ከ12 እስከ 15 ሎው። ከ16 እስከ 23 ሚዲየም። 24 እና ከዚያ በላይ ሃይ፣ ጥበቃው በጣም የጠበቀው። ለሴቶች ሌላ ቁጥር ነው።

አሁን የልጅዎን እንቁጠር። የዕፁን መጠን አልነገሩኝም፣ ግን 8 ዓመት ካስፈረደ ከበድ ከሚለው ተርታ ነው ብዬ 5 ልያዝ። ዕድሜው 24 ወይም ከዚያ በታች ስለሆነ 8። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት መጨረሱ ስላልተረጋገጠና እዚያም ገና ስላልተመዘገበ 2። ባለፉት 5 ዓመታት ዕፅ ወይም መጠጥ አበዛ ተብሎ ከተጻፈበት 1። ሲደመር 16። በአንዲት ነጥብ ሚዲየም ገባ ማለት ነው።

ማንንም አልመታም ላሉት፣ እውነትዎን ነው፤ ለዚያም ነው በድብደባና በአመጽ ታሪክ ረድፍ 0 ያገኘው። የወንጀል ሪከርዱም 0 ነው። ግን ልብ ብለው ይዩት፦ ወንጀሉ 5 ሲያመጣበት ወጣትነቱ ብቻውን 8 አመጣበት። ምክንያታቸው ወጣት እስረኛ ይጣላል፣ ይደባደባል የሚል ነው። እውነቱን ለመናገር እኔም ያየሁት ከዚያ የራቀ አይደለም። ግን ያ ስለ ወጣት በጠቅላላው ነው እንጂ ስለ ልጅዎ አይደለም። ፎርሙ ደግሞ የሚያውቀው ጠቅላላውን ብቻ ነው።

ይልቅ እኔን ያናደደኝ የ12ኛ ክፍሉ ነገር ነው። ልጁ ተምሯል። ማን አረጋገጠ? ፕሮቤሽን ኦፊሰሩ ሲጠይቀው «ጨርሻለሁ» ብሎት ይሆናል፣ ሰውየው ደግሞ ወረቀት ስላላየ «አልተረጋገጠም» ብሎ አለፈው። እዚያች ቃል ላይ 2 ነጥብ ነበረች። ያቺ ሁለት ባትኖር 14 ሆኖ ሎው ይገባ ነበር። የፈተና ውጤቱና ሰርተፊኬቱ አዲስ አበባ አንድ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ይሆናል እኮ! አስወጥተው፣ በሕጋዊ መንገድ ወደ እንግሊዝኛ አስተርጉመው ለኬዝ ማናጀሩ ይላኩ። አልቀበልም ካሉት ደግሞ ልጁ ጂኢዲ ይመዝገብ፣ የሁለተኛ ደረጃ ምትክ የሆነው ትምህርትና ፈተና ነው። ተመዝግቦ እየተማረ ከሆነ 2ቱ ወደ 1 ይወርዳል፣ ድምሩ 15 ይሆናል፣ 15 ደግሞ ሎው ነው። ሲጨርስ 0።

ስለ ርቀቱ። በ2018 የወጣው ፈርስት ስቴፕ አክት የሚባል ሕግ «በተቻለ መጠን ከቤቱ በ500 ማይል የመኪና መንገድ ውስጥ» ይላል። 500 ማይል ከአዲስ አበባ መቀሌ እንደመንዳት ነው። ኬንታኪም እዚያው ውስጥ ስለሚወድቅ እነሱ «ሕጉን አክብረናል» ይላሉ። የዳኛው ቃል ደግሞ ምክር ነው፣ ትእዛዝ አይደለም። የምደባው ውሳኔ በፍርድ ቤት እንደማይታይም ሕጉ ራሱ በግልጽ ጽፎታል፣ ስለዚህ «ጠበቃ ይዤ እከሳለሁ» ብለው ገንዘብዎን አይጨርሱ።

የሚሠራው ይሄ ነው። አዲስ እስር ቤት በገባ በ28 ቀን ውስጥ ቲሙ ፊት ይቀርባል፣ ዩኒት ማናጀር፣ ኬዝ ማናጀር፣ ካውንስለር። ከዚያ ቢያንስ በየ180 ቀኑ ያዩታል፣ የመውጫው ቀን ዓመት ሲቀረው ደግሞ በየ90 ቀኑ። ነጥቡ እንደገና የሚቆጠረው መጀመሪያ በ7ኛው ወር ገደማ ነው፣ ከዚያ ቢያንስ በዓመት አንዴ። በዚያኛው ፎርም ላይ ጠባዩ፣ ትምህርቱ፣ የተጻፈበት የጥፋት ሪፖርት ሁሉ ይገባል። ከቤተሰብ ጋር ያለው ግንኙነት እንኳ ረድፍ አለው፣ ደካማ ከሆነ 3፣ ጥሩ ከሆነ 4፣ እዚህ ላይ ደግሞ ብዙ ነው የሚሻለው። ስለዚህ ያ የዘጠኝ ሰዓት መንገድ በከንቱ አልሆነም፣ ወረቀት ላይ ይገባል። ሌላ ደግሞ ልጅዎ 25 ዓመት ሲሞላው ያ 8 ወደ 4 ይወርዳል። ልደቱን ሻማ አብርታችሁ ባታከብሩም ፎርሙ ያከብርለታል።

ወደ ቤት ቀረብ ያለ እስር ቤት ለመዛወር ብቻ ከሆነ ግን 18 ወር ሙሉ ምንም ሪፖርት ሳይጻፍበት መቆየት አለበት። ይህን ይንገሩት።

ፍርድ ገና የሚጠብቃችሁ ካላችሁ ደግሞ ስሙኝ። ፒኤስአሩ እጃችሁ ከገባበት ቀን ጀምሮ ስህተት ካለ ለመቃወም 14 ቀን ነው ያላችሁ። ጠበቃው ስለ ቅጣቱ ርዝመት ብቻ ነው የሚጨነቀው። ትምህርቱን፣ አድራሻውን፣ የመጠጡን ነገር እናንተ ራሳችሁ አንብቡት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ባለቤቴ ፌዴራል እስር ቤት ነው። እናቱ አዲስ አበባ ታመው ነበርና ሲደውልልኝ በሌላ መስመር እሳቸውን ጠርቼ አገናኘሁት። አለቀሱ፣ ተባረኩ፣ በቃ ይኸው ነው። በሳምንቱ «ከፍተኛ ጥፋት» ብለው ከሰሱት። 27 ቀን ተቆረጠበት፣ ስልክም ለ3 ወር ተከለከለ። እናትን ማናገር ነው ከፍተኛ ጥፋት? ጠበቃ ብይዝለትስ? (ሰ.፣ ከአሌክሳንድሪያ)

መልስ፦ እህቴ፣ አይዞሽ። በዚህ ጉዳይ የተቀጣ የኛ ሰው ብዙ አይቻለሁ፣ ሁሉም የሚያውቁት ከተቀጡ በኋላ ነው።

ጥፋቶቹ በአራት ተከፍለው ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። 100ዎቹ እጅግ ከባድ፣ 200ዎቹ ከፍተኛ፣ 300ዎቹ መካከለኛ፣ 400ዎቹ ቀላል። ሞባይል ይዞ መገኘት ለምሳሌ ኮድ 108 ነው፣ ከግድያ ጋር በአንድ ረድፍ። ስልክ በሦስት መስመር ማገናኘት ደግሞ በሁለት ቁጥር ሊጻፍ ይችላል። ኮድ 297 ከሆነ «ሠራተኛው ማን ከማን ጋር እንደሚያወራ እንዳይቆጣጠር አደረገ» ማለት ነው። ኮድ 397 ከሆነ ስልኩን ያለአግባብ ተጠቀመ፣ ቁጥጥሩን ግን አላመለጠም ማለት ነው። ድርጊቱ አንድ ነው፣ የመጀመሪያዋ ቁጥር ብቻ ናት የምትለየው። ያቺን ቁጥር የሚመርጣት ደግሞ ጥሪውን አዳምጦ ሪፖርቱን የጻፈው ሰው ነው። እስረኞች ሪፖርቱን ሾት ይሉታል፣ «ሾት ተጻፈብኝ» ይላሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ባቡር ነው። ሪፖርቱ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ በታወቀ በ24 ሰዓት ውስጥ እጁ ይገባል። በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ዩዲሲ የሚባል፣ ከዚያው ዩኒት ሠራተኞች የተውጣጣ ኮሚቴ ያየዋል። 300 እና 400 ከሆነ እዚያው ሊጨርሱት ይችላሉ፣ አንዳንዴ በምክርና ወለል በማስወልወል ያልቃል። 200 ከሆነ ግን እጃቸው ታስሯል፣ ወደ ዲኤችኦ መላክ ግዴታቸው ነው። ዲኤችኦ የዲሲፕሊን ዳኛ በሉት፤ ራሱም የእስር ቤቱ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነው፣ ግን በጉዳዩ ላይ ከሳሽም፣ መርማሪም፣ የኮሚቴ አባልም ያልነበረ መሆን አለበት። ጉድ ታይም የሚባለውን፣ በጥሩ ጠባይ ከቅጣቱ ላይ የሚቀነስለትን ቀን፣ ሊቆርጥ የሚችለው እሱ ብቻ ነው። እስረኛው በዓመት እስከ 54 ቀን ጉድ ታይም ያገኛል። ባለ 200 ጥፋት ሲሆን ዝቅተኛው ቅጣት አብዛኛውን ጊዜ 27 ቀን ነው። ስለዚህ 27ን የመረጠው ጨክኖ አይደለም፣ ከዚያ በታች መውረድ ስለማይችል ነው። በ397 ተጽፎ ቢሆንና የመጀመሪያው ቢሆን ያ ዝቅተኛ ቅጣት አይኖርም ነበር።

ጠበቃ ላልሽው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1974 በነብራስካ እስረኞች ጉዳይ የወሰነው ነው እስካሁን የሚሠራው። ቀን ከመቆረጡ በፊት እስረኛው ቢያንስ ከ24 ሰዓት አስቀድሞ በጽሑፍ ክሱን ማወቅ፣ ምስክር መጥራት፣ ለምን እንደተቀጣ በጽሑፍ ማግኘት አለበት። ጠበቃ ግን የለም። የእስር ቤቱ ሠራተኛ ተወካይ ሆኖ ሊቆምለት ይችላል፣ ቋንቋው ወይም ክሱ ለማይገባው ሰው ደግሞ ዲኤችኦው ራሱ መመደብ አለበት። ብዙዎቹ የኛ ልጆች ያንን ወረቀት ሲሰጧቸው «አያስፈልገኝም» የሚለው ላይ ይፈርማሉ። ለምን? ያፍራሉ። እንግሊዝኛ አይችልም እንዳይባሉ።

ማስረጃውስ? በ1985 ፍርድ ቤቱ «ጥቂት ማስረጃ ካለ ይበቃል» ብሏል። የእስር ቤቱ ደንብ ትንሽ ከፍ ያደርገዋል፣ ማስረጃው ከተጋጨ ሚዛን ወደሚደፋው ሂዱ ይላል። የሠራተኛ ቃልና የእስረኛ ቃል ሲጋጩ ሚዛኑ ወዴት እንደሚደፋ ግን መናገር አያስፈልገኝም። የባልሽ ደግሞ የተቀዳ ድምፅ ነው፣ ክርክርም የለውም።

መከራከር የምትችሉት በቁጥሩ ላይ ነው። «አዎ አገናኝታኛለች፣ ግን በተፈቀደልኝ ቁጥር ነው የደወልኩት፣ ሁላችንም የተናገርነው ተቀድቷል፣ ቁጥጥሩን አላመለጥኩም፣ ስለዚህ 397 መሆን ነበረበት» ብሎ ይጻፍ። የዲኤችኦ ይግባኝ በቀጥታ ወደ ሪጅኑ፣ ወደ መሥሪያ ቤቱ የአካባቢ ቢሮ፣ ነው የሚሄደው፣ ቢፒ 10 በሚባል ፎርም፣ የጽሑፍ ውሳኔው ከደረሰው በ20 ቀን ውስጥ። ካልተሳካ ዋሽንግተን፣ ቢፒ 11፣ በ30 ቀን። እነዚህን ሳይጨርስ ፍርድ ቤት ቢሄድ ብዙውን ጊዜ «መጀመሪያ ይግባኝህን ጨርስ» ብለው ይመልሱታል። ያሸንፋል ብዬ አልምልልሽም። ግን በቁጥር ላይ የሚደረግ ክርክር «እናቴ ታማ ነው» ከሚለው ይሻላል፣ ሪጅን ላይ የተቀመጠው ሰው የሚያነበው ቁጥር ነውና።

ደግሞ ለወደፊቱ፣ የእናቱን የኢትዮጵያ ስልክ ራሱ የስልክ ዝርዝሩ ላይ አስገብቶ በቀጥታ መደወል ይችላል። ይወደዳል። ከ27 ቀን ግን ይረክሳል።

ጥያቄ፦ ወንድሜን ሪፖርት ጻፉበትና ገና ሳይፈረድበት ጨለማ ቤት አስገቡት። ይሄ ሕጋዊ ነው? (ዮ.፣ ከሲያትል)

መልስ፦ ሹ ነው ያስገቡት፣ ከሌላው እስረኛ ተለይቶ የሚቆይበት ክፍል፣ ጨለማ ቤት አይደለም። መብራት አለው፣ እንዲያውም መብራቱ አላስተኛ አለኝ የሚል ነው የሚበዛው። ብዙ ጊዜም ሁለት ሁለት ሆነው ነው። በሳምንት ቢያንስ 5 ሰዓት ወጥቶ እንዲንቀሳቀስ ደንቡ ያዛል። እነሱ «ይህ ቅጣት አይደለም፣ ምርመራው እስኪያልቅ ማቆያ ነው» ይላሉ። ለውስጠኛው ሰው ልዩነቱ ምኑ ነው ብትለኝ መልስ የለኝም። በ3 የሥራ ቀን ውስጥ ወረቀቱን ማየት አለባቸው፣ በ7 ቀን ደግሞ እሱ ራሱ ሊገኝበት የሚችል ግምገማ አለ። ያን ቀን ይገኝ፣ «አልሄድም» አይበል። የተባበሩት መንግሥታት በ2015 ያጸደቀው የማንዴላ ደንብ አንድን ሰው ለብቻው ከ15 ተከታታይ ቀን በላይ ማቆየትን ይከለክላል። ያ ግን እዚህ አገር ዲኤችኦን የሚያስገድድ ሕግ አይደለም፤ ባለ 100 ጥፋት እስከ 12 ወር ሊያስቀምጥ ይችላል።

ጥያቄ፦ እኔና ሁለት ጓደኞቼ በአንድ ክስ ገባን። ቅጣታችን እኩል ነበር። እነሱ ዜጋ ስለሆኑ ካምፕ ገቡ፣ እኔ ግሪን ካርድ ብቻ ስለነበረኝ አጥር ውስጥ ሎው አስገቡኝ። ዘረኝነት አይደለም? (ተ.፣ ከዳላስ)

መልስ፦ ስሙን አንተ አውጣለት። የሆነው ግን ይሄ ነው። ከነጥቡ በላይ የሚጫኑ ምልክቶች አሉ። ነጥብህ 5 ቢሆንም ምልክቱ ካለብህ ካምፕ አትገባም። ለምሳሌ ከ10 ዓመት በላይ የቀረው ወንድ ቢያንስ ሎው ይገባል፣ ከ20 ዓመት በላይ የቀረው ሚዲየም። አንተን የያዘህ «ከአገር ሊባረር ይችላል» የሚለው ምልክት ነው፣ እኔ በሠራሁበት ጊዜ ብዙ አበሻ ላይ ለጥፌዋለሁ። የሚባረር ሰው ይጠፋል ብለው ይፈራሉ። የኢሚግሬሽን ዳኛ «አይባረርም» ብሎ ከወሰነ ምልክቱ መነሳት ነበረበት፣ ግን ወረቀቱን ለኬዝ ማናጀሩ ማድረስ የእስረኛው ሥራ ነው። ማንም ፈልጎ አያመጣልህም።

ጥያቄ፦ ታላቅ ወንድሜ አሜሪካ 15 ዓመት ተፈረደበት። እዚህ አዲስ አበባ ሁሉም ሰው «አይዟችሁ፣ ጠባዩ ጥሩ ከሆነ በአመክሮ በ10 ዓመቱ ይወጣል» ይለናል። እናታችን በዚያ ተስፋ ነው ያለችው። እውነት ነው? (ቤ.፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ አይደለም። ይህን በመጻፌ እናታችሁ ይቅር ይበሉኝ።

ያ 10 ዓመት የመጣው ከኛው ሕግ ነው። በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 202 መሠረት ታራሚ የቅጣቱን ሁለት ሦስተኛ ከፈጸመ፣ ዕድሜ ልክ ከሆነ 20 ዓመት ከታሰረ፣ ጠባዩ ከተሻሻለና ሌላውም ከተሟላ በአመክሮ ሊፈታ ይችላል። የሚፈታው ፍርድ ቤት ነው፣ ግን ማረሚያ ቤቱ የሚጽፈው አስተያየት ትልቅ ቦታ አለው። ስለዚህ እዚያም ቢሆን እስክሪብቶው ያለው ከታች ነው። ቃሊቲ ወይም ዝዋይ ስንቅ ያመላለሰ ሰው ያውቀዋል፣ ከኃላፊው ይልቅ ክፍሉን የሚያስተዳድረው ካቦ ስለ አንድ ልጅ ጠባይ ብዙ የሚናገርበት ጊዜ አለ፣ ካቦው ደግሞ ራሱ እስረኛ ነው።

አሜሪካ ፌዴራል ላይ ግን ከኅዳር መግቢያ በፈረንጅ 1987 ወዲህ ለተፈጸመ ወንጀል አመክሮ የሚባል ነገር ቀርቷል። የቀረው ጉድ ታይም ነው። 54 ቀን በ15 ሲባዛ 810 ቀን፣ ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ተኩል ግድም። ስለዚህ አንዲት ቀን ሳይቆረጥበት ቢጨርስ 12 ዓመት ከ9 ወር ገደማ ይቀመጣል። በዚያ ላይ የ2018ቱ ሕግ ያመጣው ሌላ ክሬዲት አለ፣ በየ30 ቀኑ ትምህርት ወይም ሥራ 10 ወይም 15 ቀን። ለሁሉም ወንጀል ግን አይሰጥም፣ የመጨረሻ የመባረር ትእዛዝ ያለበት ሰውም ሊጠቀምበት አይችልም። ወንድምህ ዜጋ መሆን አለመሆኑን አልጻፍክም፣ መጀመሪያ እሱን አጣራ።

ጥያቄ፦ አንተስ? ስለሌላው ታወራለህ፣ ራስህ ሰው ላይ ያለአግባብ ጽፈህ አታውቅም? (ስም አልተጻፈም)

መልስ፦ ጽፌያለሁ።

ከምክንያቱ ልጀምር። ደንቡን ከላይ ስታየው ኮሚቴ፣ ዳኛ፣ ይግባኝ፣ ቁጥር ነው። ትልቁ ውሳኔ ግን ከዚያ ሁሉ በፊት ኮሪደር ላይ ያልቃል፦ ልጻፍ ወይስ ልተወው? በየቀኑ ከቀኑ 10 ሰዓት በኛ አቆጣጠር እስረኛው ሁሉ ቆሞ ይቆጠራል። ያልቆመ ሰው ኮድ 320 ነው። አንዱ ዋርድያ አልጋውን በእግሩ መታ አድርጎ «ተነሳ እንጂ ሰውዬ» ብሎ ያልፋል። ሌላው ይጽፋል። ያው ሰው፣ ያው አልጋ። ሁለቱም ደንቡን አልጣሱም። ሰው ጥሎበት በሚጽፈው ዋርድያ ፈረቃ ላይ ከተኛ 18 ወሩ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። አዲስ ዋርድያ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ይጽፋል፣ ፈሪ እንዳይሉት። እኔም አዲስ ነበርኩ።

አንድ እሁድ አንድ ሸምገል ያለ እስረኛ የስልክ ሰዓቱ አልቆ ዝጋ አልኩት። አልዘጋም አለ። መስመሩን ቆረጥኩበት። ዞሮ አፍንጫዬ ድረስ ቀረበና በእንግሊዝኛ «ታያለህ» አለኝ። እኔ ያደግሁበት ሰፈር ውስጥ «ታያለህ!» ያለህ ሰው ማታ መንገድ ላይ ይጠብቅሃል። ሰውነቴ ተንቀጠቀጠ። ኮድ 203 ብዬ ጻፍኩ፣ በአካል ላይ ጉዳት ለማድረስ ዛተ። 312 ብዬ መጻፍ እችል ነበር፣ ሠራተኛን መዳፈር፤ እሱ 300 ስለሆነ ኮሚቴው ስልክ ወይም ሱቅ ከልክሎ ይጨርሰው ነበር። 203 ግን በቀጥታ ዲኤችኦ ጋ ሄደ። ማስረጃው የኔ ቃል ነበር። ጥቂት ማስረጃ ደግሞ ይበቃል። 27 ቀን ተቆረጠበት።

ከሪፖርቱ በኋላ በሦስተኛው ቀን የእስር ቤቱ ኃላፊ የዋርደኑ ጠረጴዛ ላይ የሱ ቢፒ 9 ደረሰ፣ በእጅ የተጻፈ፣ ስለ ስልኩ በኔ ላይ የቀረበ አቤቱታ። «ታያለህ» ያለው እሱን ነበር። እከስሃለሁ ማለቱ ነበር። ዲኤችኦው ፊት ሳይቀርብ በፊት ሄጄ «ተሳስቼ ይሆናል» ማለት እችል ነበር፣ ጊዜ ነበረኝ። አቤቱታ ስለቀረበብኝ ፈርቼ ወደኋላ አለ እንዳይሉኝ ዝም አልኩ።

ኬዝ ማናጀር ከሆንኩ በኋላ ዝርዝሩ ሲደርሰኝ ስሙን አየሁት። ዓመታዊ ነጥቡን መቁጠር የኔ ሥራ ሆነ። ጠርቼ ፊት ለፊቴ አስቀመጥኩት። ስሜን ከሪፖርቱ ላይ ያውቀዋል። እሱም አላነሳውም፣ እኔም አላነሳሁትም። 203 የሚለውን ረድፍ እንደማንኛውም ሰው ሪፖርት አስገባሁ። ከዚያ ጂኢዲ ጨርሰህ እንደሆነ ብዬ ጠየቅኩት። ጨርሻለሁ አለና ሰርተፊኬቱን ከፕላስቲክ አውጥቶ ሰጠኝ። አየሁት፣ መለስኩለት፣ ትምህርት በሚለው ረድፍ 0 ጻፍኩ።